ከጠጅ ጋን እስከ ምግብ ልባጥ፦ የሰፈፍ ታሪክ በቂርቆስና በካዛንቺስ

መግቢያ

የምግብ ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲጻፍ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ዋናው ምርት ነው። ስለ ዱቄቱ እንጂ ስለ ፉርሽካው፣ ስለ ዘይቱ እንጂ ስለ ፋጉሎው፣ ስለ ጠላው እንጂ ስለ አተላው እምብዛም አይነገርም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዋናው ምርት ቀረጥ ይከፈልበታል፣ በመዝገብም ይሰፍራል፣ ተረፈ ምርቱ ግን በጓሮ በር ወጥቶ ይሄዳል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ተረፈ ምርት የሚባለው ከባሕርዩ የተነሣ ሳይሆን ፈላጊው በአቅራቢያው ባለመኖሩ ነው። ፈላጊ የተገኘለት ዕለት ጥሬ ዕቃ ተብሎ ይጠራል።

በአዲስ አበባ፣ በተለይም ዛሬ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ይህን የስምና የዋጋ ለውጥ ከሌሎች ነገሮች ሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የንብ ሰም ነው። ጠጅ ሲጣል ከጋኑ አፍ ላይ የሚገፈፈው፣ ቆሻሻ የሚመስለው ሰፈፍ፣ ከተነጠረና ከተጣራ በኋላ በውጭ አገር ፋብሪካዎች የከረሜላ ልባጥ፣ የማስቲካ ማለስለሻና የፍራፍሬ መጠበቂያ ለመሆን ይበቃል። የተፈጥሮ የምግብ ጭማሪ ተብለው ከሚታወቁት ነገሮች መካከል በአገሪቱ ውስጥ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየ የገበያ ታሪክ ያለው ይህ ሰም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያስገርመው፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ሥራው የቆመው ትምህርት ቤት ባላስተማራቸውና መዝገብ ባልያዛቸው ሰዎች ትከሻ ላይ መሆኑ ነው።

ሰፈፍ ምንድን ነው?

በባህላዊ ቀፎ የሚመረተው ማር ከነእንጀራው፣ ከነአበባ ዱቄቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከነዕጩ ተቆርጦ ለገበያ ይቀርባል። በአገሪቱ ካሉት ቀፎዎች ከአሥር ዘጠኙ በላይ ባህላዊ በመሆናቸው፣ ገበያ የሚወጣው ማር አብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። ከዚህም ማር ወደ 70 ከመቶ የሚሆነው ለጠጅ መጣያ እንደሚውል ይገመታል።

ጠጅ ጣይዋ ማሩን በጋን ወይም በበርሜል ውስጥ በውሃ ትበጠብጠዋለች። የውሃው መጠን እንደየቤቱ ልማድና እንደሚፈለገው ጥንካሬ ከማሩ ሁለት እጥፍ እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል። ተከድኖ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ ስኳሩ በውሃው ይሟሟል፤ በውሃ የማይሟሟውና ከውሃ የሚቀለው ሰም ግን የሞቱ ንቦችንና ሌላውንም ጉድፍ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ሰፈፍ መባሉም ከዚሁ ከመስፈፉ ነው። ሰፈፉ ይገፈፋል፣ ይታጠባል፣ እጣቢውም ጣፋጭነት ስላለው ወደ ጋኑ ይመለሳል። ከዚያም ጌሾው ይገባል።

ይህን ሥራ ከኢንዱስትሪ ዓይን ያየው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ማርን ከሰም መለየት በሌላው አገር መጭመቂያ ወይም በኃይል የሚሽከረከር ማጣሪያ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጠጅ ጣይዋ ግን ያለ እሳትና ያለ መሣሪያ፣ ማሩንም ሳታባክን፣ ሁለቱን ትለያቸዋለች። ከ100 ኪሎ ያልተጣራ የባህላዊ ቀፎ ማር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሰም ይገኛል። ንቦች 1 ኪሎ ሰም ለማውጣት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር እንደሚበሉ የሚገመት ስለሆነ፣ በሰፈፉ ውስጥ ያለው ሀብት ከሚታየው በላይ ነው።

ሆኖም ሰፈፍ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰም አይገኝም። በገጠር ለሠርግና ለበዓል በየቤቱ በሚጣለው ጠጅ ላይ የሚወጣው ጥቂት ሰፈፍ ብዙውን ጊዜ ይደፋል። አንዲት የቤት እመቤት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ የምታገኘውን እፍኝ ሰፈፍ ፈልጎ፣ ቀን ሙሉ ተጉዞ የሚገዛት ነጋዴ አይኖርም። ሰፈፍ ጥሬ ዕቃ ሊሆን የቻለው ጠጅ ቤቶች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ከተማ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም እዚህ ላይ ነው፤ ተረፈ ምርትን ወደ ሀብት የለወጠው ከመሣሪያው ይልቅ የጠጅ ቤቶቹ መቀራረብ ነው።

ከግብር አዳራሽ እስከ ለገሃር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጠጅ በዋነኛነት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ማር ከየአውራጃው በግብር መልክ ይገባ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ለሚቀርበው ጠጅ የሚያስፈልገው ማር ብዛት ሲታሰብ፣ ከዚያ የሚወጣው ሰም ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። የሰሙ የመጀመሪያ ፈላጊ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴና ለማሕሌት ጧፍ ትሻለች፤ ጧፍ ማለት በሰም የተነከረ የጥጥ ፈትል ነውና። ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ሌሎቹ የከተማዪቱ አድባራት የዚህ ገበያ የዘወትር ደንበኞች ነበሩ። በቅኔ ቤት ሰም ማለት ላይኛው ሽፋን ነው፤ የሚፈለገው ወርቁ ነው። በሰፈፍ ነጋዴ ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል።

ሁለተኛው ፈላጊ የውጭው ገበያ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ ከአገር ይወጡ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል፣ ከቡና፣ ከቆዳ፣ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር፣ ሰም በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ያን ጊዜ ዕቃው በበቅሎና በግመል ወደ ወደብ ይጓዝ ስለነበረ፣ ክብደቱ ከዋጋው ጋር ሲመዛዘን የማያዋጣ ነገር ሩቅ አይሄድም ነበር። ሰም ግን አይበሰብስም፣ አይሰበርም፣ ተባይ ከሞላ ጎደል አይነካውም፤ ስለዚህ ከብዙ የምግብ ሸቀጥ ይልቅ መንገዱን ይችል ነበር።

በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ሁኔታው ተለወጠ። የባቡሩ ጣቢያ ለገሃር የሚገኘው በዛሬው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ሰም እንደ ቡናውና እንደ ቆዳው በሳምንታት ፈንታ በቀናት ባሕር የሚደርስበት መንገድ ተከፈተለት። በጣቢያው አካባቢ መጋዘኖች፣ የሠራተኞች መኖሪያዎችና ከእነሱም ጋር መጠጥ ቤቶች እየበዙ ሄዱ። ጠጅም ከአዳራሽ ወጥቶ፣ ሳንቲም የከፈለ ሁሉ በብርሌ የሚጠጣው ሆነ። ማኅበራዊ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንደ መጠጥ ታሪክ ብቻ ማየታቸው ጉድለት አለው፤ የሰፈፉ ምንጭ ከጥቂት ትልልቅ ቤቶች ወደ ብዙ ትንንሽ ቤቶች የተዛወረበት ጊዜም ነውና።

ካዛንቺስ

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በ1928–1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት በምሕጻረ ቃል ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ቤቶቹም ካዘ ኢንቺስ ተባሉ፤ የከተማው ሕዝብ ካዛንቺስ አለው። ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ አድጎ ኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች፣ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ሞሉት። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 በአዲስ አበባ ሲቋቋምና የአፍሪካ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲመረቅ፣ የካዛንቺስ ጎረቤት ዓለም አቀፍ ድርጅት ሆነ። በአንድ በኩል ስለ አፍሪካ የኢንዱስትሪ ዕድገት ጉባኤ ይካሄዳል፤ ጥቂት መንገድ ወረድ ሲባል ደግሞ ሴቶች ሰፈፍ ያጥባሉ። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንዱ ጉዳይ እንደሚሠሩ የተገነዘበ ሰው የነበረ አይመስልም።

የሰፈፍ ሰብሳቢዎች ሥራ ቀላል ይመስላል። ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እየዞሩ ሰፈፉን ይገዛሉ፤ በበርሜል ውሃ ውስጥ ጨምረው ያፈሉታል፤ የቀለጠውን በጆንያ አጥልለው ይጨምቁታል፤ ሲበርድም የረጋውን ሰም ከውሃው ላይ አንሥተው ለትልልቅ ነጋዴዎች ያስረክባሉ። ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ የሰሙን ዕጣ የሚወስኑ ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። ሰም ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለረጅም ጊዜ ከሞቀ ቀለሙ ይጠቁራል፤ በብረት ወይም በመዳብ ዕቃ ከቀለጠም እንዲሁ ይበላሻል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ በፈላ ውሃ ላይ የቆየ ሰም ከሚገባው በላይ ይሞቃል። አሮጌ የብረት በርሜልና ኃይለኛ እሳት የተለመዱ ስለሆኑ፣ ለምግብ ሊውል ይችል የነበረው ሰም ለሻማ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ይቀራል። የዋጋው ልዩነት የሚፈጠረው እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው።

ሌሎቹ ተረፈ ምርቶች

በዚሁ አካባቢ ከሰፈፍ ሌላ የምግብ ተረፈ ምርት ሞልቶ ነበር። የጠላውና የአረቄው አተላ ለላም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ገብሱ ከተጠመቀ በኋላ የሚቀረውን በከተማዪቱና በዙሪያዋ ያሉ የወተት ላም አርቢዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከቂርቆስ ሩቅ ባልሆነው በቄራም ከእርድ የሚተርፈው አጥንት አለ፤ አጥንት በሌላው ዓለም ጄላቲን ይወጣበታል።

ሌሎች አገሮች በእነዚህ ነገሮች ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በርተን በምትባለው የቢራ ከተማ፣ ከጠመቃ የሚተርፈውን እርሾ ወደ ምግብ ማጣፈጫነት የሚለውጥ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1902 ሥራ ጀምሯል። ከብርቱካንና ከሎሚ ልጣጭ፣ እንዲሁም ከተጨመቀ ፖም፣ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን ይወጣል። ከወይን ቆዳ ቀይ ቀለም ይገኛል። በኢትዮጵያም የሐረር ሰዎች የቡና ገለባ አፍልተው ሀሻራ ብለው ሲጠጡ ኖረዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት የደረቀ የቡና ፍሬ ልጣጭ ለመጠጥነት በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

አተላው ለላም መሄዱ ብክነት ነው ማለት አይደለም። ወተት የሚያስፈልገው ከተማ አተላውን ወደ ወተት መለወጡ ተገቢ ነው፤ የእርሾ ማጣፈጫ ፋብሪካ አለመቋቋሙን እንደ ድንቁርና መቁጠርም ስሕተት ይሆናል። ሰም የተለየ ዕድል የገጠመው ላም ስለማትበላው ነው።

ሰም እንደ ምግብ ጭማሪ

የምግብ ጭማሪ የሚባለው ራሱ ምግብ ሆኖ የማይበላ፣ ነገር ግን ምግቡ እንዳይበላሽ፣ እንዲያምር፣ እንዲጣፍጥ ወይም ቅርጹን እንዲይዝ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ እነዚህን ነገሮች የሚመለከት ዓለም አቀፍ መለያ እያወጣ ይገኛል። በዚህ መዝገብ የንብ ሰም ቁጥሩ 901 ነው። በከረሜላና በቸኮላት ላይ ስስ ልባጥ ሆኖ ያበራል፣ እርስ በርስም እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ በፍራፍሬ ልጣጭ ላይ ተቀብቶ እርጥበቱ ቶሎ እንዳይተን ይከለክላል፤ በማስቲካ ውስጥም ይገባል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩን መርምሮ በተፈቀደው አጠቃቀም ላይ ሥጋት እንደማይታየው አስታውቋል። በሰው አንጀት ውስጥ እምብዛም ሳይፈጭ ያልፋልና።

እርግጥ ነው፣ ከኢትዮጵያ የሚወጣው ሰም ሁሉ ለምግብ አይውልም፤ ከፊሉ ለመዋቢያ ቅባት፣ ከፊሉ ለመድኃኒትና ለሻማ ይሄዳል። የአገሪቱ የሰም ምርት በዓመት 5,000 ቶን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ በጉምሩክ በኩል የሚወጣው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሆኖም ለምግብ የሚውለው ሰም ጥብቅ ንጽሕና ስለሚጠየቅበት ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣል፤ በዚህ ረገድ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ንብ አርቢዎች ቫሮዋ የተባለውን ተባይ ለመከላከል በቀፎ ውስጥ የሚያደርጉት መድኃኒት በሰሙ ውስጥ ይከማቻል። በኢትዮጵያ ገበሬው ይህን መድኃኒት የመጠቀም ልማድ ስለሌለው ሰሙ ከዚህ ቅሪት በአብዛኛው የጸዳ ነው። ድህነት ያተረፈው ንጽሕና ነው ቢባልም፣ ንጽሕናነቱ አይቀርም።

ይህን ብልጫ የሚያጠፋው ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ነገር ነው። ሰም በክብደት የሚሸጥ በመሆኑ፣ በመሰብሰቢያና በማጓጓዣው መንገድ ላይ ፓራፊን ወይም የከብት ሞራ መቀላቀል የታወቀ ችግር ሆኗል። የተቀላቀለ ሰም ለሻማ ያገለግል ይሆናል፤ ለከረሜላ ልባጥ ግን አይሆንም። አንድ ጭነት ተመርምሮ ሲመለስ ደግሞ ጉዳቱ በአጭበርባሪው ላይ ብቻ አያበቃም፤ የአገሪቱ ሰም ሁሉ ይጠረጠራል፣ ዋጋውም ይወርዳል፣ የወረደውም ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰፈፉን ለምታጥበው ሴት ነው።

የማጭበርበሩ ምርመራ ከመምህራን አቅም በላይ አለመሆኑ ሊጠቀስ ይገባል። ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ሞራ የገባበት ሰም ቀደም ብሎ ይለሰልሳል፣ በእጅ ሲነካ ይቀባል፣ ሲቃጠልም የሥጋ ሽታ ይሰጣል። ፓራፊን በመቅለጫው ብቻ ላይታወቅ ይችላል፤ ምክንያቱም የፓራፊን ዓይነት ብዙ ነው። ሆኖም ሰሙን በአልኮል ከተበጠበጠ ፖታሽ ጋር አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ የንብ ሰም ወደ ሳሙናነት ሲለወጥ ፓራፊን ስለማይለወጥ፣ ድብልቁ ገና ከ65 ዲግሪ በላይ ሳለ ከደፈረሰ ባዕድ ነገር መኖሩን ያሳብቃል። ቴርሞሜትር፣ የፈተና ቱቦና ጥቂት ፖታሽ ባለበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ አስፈላጊው ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ይህ ሊሠራ ይችላል። ስለ ሳሙና አሠራር የሚሰጠው የኬሚስትሪ ትምህርት ምሳሌውን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገውም ማለት ነው።

ሦስት ለውጦች

ሰፈፍን ጥሬ ዕቃ ያደረገው ሁኔታ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለወጠ ሄዷል። የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከስኳር ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ስኳር በከተማ በቀላሉ መገኘት ጀመረ። ማር እየተወደደ ሲሄድ በጠጅ ቤት የማሩን ከፊል ቦታ ስኳር ያዘ። የጠጪው ምላስ ልዩነቱን ይታገሠው ይሆናል፤ ከስኳር ግን ሰፈፍ አይወጣም።

ሁለተኛው ከራሱ ከንብ እርባታው መሻሻል የመጣ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሆለታ የተጀመረው የዘመናዊ ንብ እርባታ ሥራ፣ በኋላም የምርምር ማዕከል ሆኖ፣ የፍሬም ቀፎን አስፋፍቷል። ይህ ቀፎ ከባህላዊው እጅግ የበለጠ ማር ይሰጣል፤ ማሩም የጠረጴዛ ማር ሆኖ ይሸጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያን ማር ሊያስገቡ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ማግባቱም ይህን አቅጣጫ አጠናከረ። ነገር ግን በፍሬም ቀፎ እንጀራው ሳይቆረጥ ወደ ቀፎው ስለሚመለስ፣ ለ100 ኪሎ ማር የሚገኘው ሰም ከ0.5 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው። የቀፎ ማስፋፊያ ዕቅዶች የሚመዘኑት በማሩ ኪሎ እንጂ በሰሙ አይደለም፤ የሚጨምረው ማር ይመዘገባል፣ የሚቀንሰው ሰም አይቈጠርም። በሁለቱ መካከል ያለው የሽግግር ቀፎ እንጀራው ተቆርጦ የሚወጣበት በመሆኑ ሰሙን ያተርፋል፤ ከዕቅድ አውጪዎች ግን ከሚገባው ያነሰ ትኩረት አግኝቷል።

ሦስተኛው የቦታ ለውጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የከተማ መልሶ ማልማት የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች አብዛኞቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማዪቱ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ቤቶቹ ያረጁ፣ መንገዶቹ የጠበቡ ስለ ነበሩ ለውጡ የራሱ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ሰፈፍ ዋጋ ያገኘው በመቀራረብ ከሆነ፣ ተራርቆ የተበተነ ጠጅ ቤት ሰፈፉን እንደ ገጠሩ ቤት ሊደፋው ይችላል፤ ለአንድ ጆንያ ሰፈፍ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው የሚከፈለው የመኪና ዋጋ ትርፉን ይበላዋልና። በአዲሶቹ መኖሪያዎች ለጠጅ ጣዮች የጋራ መሥሪያ ቦታ ቢታሰብ፣ በአንድ ላይ የሚከማቸው ሰፈፍ በማይዝግና ሙቀቱ በሚለካ ዕቃ ሊነጠር ይችላል። ይህም በካዛንቺስ ጓሮዎች በብረት በርሜል ምክንያት ሳይሳካ የቀረ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የፍሬም ቀፎ ሥራ ሲጀምር ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሠሩበት፣ በማተሚያ ቅርጽ የወጣለት ስስ የሰም ገጽ በየፍሬሙ ላይ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ አዲስ ቀፎ የሚያስፈልገው ይህ ሰም፣ ፍሬም ቀፎው ራሱ እምብዛም ሰም ስለማይሰጥ፣ በብዛት የሚመጣው ከባህላዊው ቀፎና ከጠጅ ቤቱ ሰፈፍ ነው። ሰሙ ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ገጹ በቀፎው ሙቀት ይለሰልስና ይወርዳል፤ ንቦቹም ብዙ ጊዜ ሳይሠሩበት ይተዉታል።